የመግዣ ዋጋውን ማን ይየው?

ማንጋቴን ላይ ሲሚንቶ የሚሸጥ ነጋዴ ከጎረቤቱ አጥብቆ የሚሸሽገው ቁጥር አንድ ነው፤ ከረጢቱ መጋዘን እስኪገባ ስንት እንደፈጀበት። የመሸጫውን ዋጋ መንገደኛ ሁሉ ጠይቆ ያልፋል። ዩጋንዳ ላይ የተገዛበት፣ ድንበር ላይ የተከፈለው፣ ከድንበሯ ከተማ ከኒሙሌ እስከ ጁባ በ192 ኪሎ ሜትሩ አስፋልት የመኪናው ኪራይ፣ የጫኝና አውራጁ ሒሳብ ተደምሮ የሚወጣው ቁጥር ግን የባለቤቱ ነው። እኔ ሒሳብ የምይዝለት የግንባታ ዕቃ መደብር ስቀጠር ይህን ቁጥር ያገኘሁት ኤክሴል ውስጥ ነው። ሽያጩ፣ ስቶሩና ዱቤው በተመዘገቡበት በዚያው ፋይል፣ «ብዛት» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ ተቀምጧል። ምስጢር ይሁን ተብሎ ዓምዱ ሃይድ ተደርጓል። ካሸሯም፣ ስቶር ኪፐሩም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያግዘን ተማሪም አንሃይድ ማለትን አሳምረው ያውቃሉ።

ስለ ዳታቤዝ ሲወራ የሠንጠረዡ አከፋፈል የባለሙያ፣ የፓስወርዱና የአክሰሱ ነገር የአስተዳደር ተደርጎ ለየብቻ ይነሳል። በእኔ እምነት ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። ስቶር ኪፐሩ ብዛቱን እያየ ዋጋውን እንዳያይ ከተፈለገ፣ ብዛትና ዋጋ መጀመሪያ ቤታቸው መለየት አለበት። ሠንጠረዡ ያልለየውን ፓስወርድ አይለየውም።

ማንጋቴንን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ የጁባ ሰፈር ነው፤ ስሙ በዜና የሚነሳው በአብዛኛው ከ2018 ወዲህ ተፈናቃዮች ስለሰፈሩበት ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ የምጽፈው እዚህ አገር ሥራው ሁሉ በዚያ ስለሆነ ነው)። እኛ ሐበሾች፣ ኢትዮጵያዊም ኤርትራዊም፣ ከ2005ቱ የሱዳን የሰላም ስምምነት በኋላ ነው ወደ ጁባ በብዛት የገባነው። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ የውሃ ቦቴው፣ የግንባታ ዕቃው ሁሉ የተጀመረው በደብተር ነው። ደብተሩ ሲሞላ ኤክሴል መጣ፤ ኤክሴሉ በፍላሽ ከሱቅ ወደ መጋዘን ሲመላለስ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚባሉ ልጆች ወለደ። የትኛው እውነተኛው እንደሆነ የሚታወቀው ዕቃ ሲጎድል ብቻ ነበር።

ኤክሴልን ለማጣጣል አይደለም፤ ዛሬም በቀን ብዙ ጊዜ እከፍተዋለሁ። ዳታቤዝ እንዲሆን ሲገደድ ግን ሀብታም አገርም አይተርፍም። በ2020 መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ ጤና መሥሪያ ቤት 15,841 የኮቪድ ታማሚዎችን ከዕለታዊ ሪፖርቱ አጣ። የላቦራቶሪ ውጤት ሲገለበጥበት የነበረው የድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይችልም፤ ትርፉን ቆርጦ ጣለው፣ ማንም ወዲያው አላየም።

የዛሬዎቹ ዳታቤዞች መሠረት የተጣለው በ1970 ነው። ኤድጋር ኮድ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው አሜሪካ አይቢኤም ውስጥ እየሠራ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ርዕሱ ስለ ትልልቅና ብዙ ሰው ስለሚጋራቸው የመረጃ ክምችቶች ነበር። ሐሳቡን ሳሳጥረው፣ መረጃ በሠንጠረዥ ይቀመጥ፣ ሠንጠረዦቹ በያዙት እሴት ይገናኙ፣ ተጠቃሚው ማሽኑ ውስጥ ምን የት እንደተቀመጠ የማወቅ ግዴታ አይኑርበት የሚል ነው። ብዙ ሰው ይጋራዋል የሚለውን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ለአንድ ሰው ከሆነ ደብተርም ይበቃል። የሠንጠረዥ ጣጣ የሚጀምረው ሁለተኛው ሰው ብዕር ሲያነሳ ነው።

እኛ ዘንድ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው ብዕር ሲያነሱ መጀመሪያ የተበላሸው የደንበኛ ስም ነው። ጋሼ (ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው) በአማርኛ ይጽፋሉ፣ ካሸሯ በእንግሊዝኛ፣ ስቶር ኪፐሩ ደግሞ ጁባ ዓረብኛው ለጆሮው እንደመጣለት። ጁባ ውስጥ ዴንግና ጋራንግ የሚባል ሰው በየመንገዱ አለ፤ የአባት ስም ሲጨመርም ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። በሌላ በኩል አንዱ ሰው በሦስት አጻጻፍ ሦስት ደንበኛ ይሆናል። አንድ ኮንትራክተር የዱቤ ጣሪያው ሲሞላበት በሌላኛው ስሙ ብረት ወሰደ፤ ሰውየው አላታለለም፣ እኛው ነን ሦስት ቦታ የከፋፈልነው።

መዝገቡን ከኤክሴል ወደ ዳታቤዝ ስናዛውር ለዚህ ያገኘነው መድኃኒት «ደንበኞች» የሚባል ራሱን የቻለ ሠንጠረዥ ነው። አንድ ደንበኛ አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ሥርዓቱ የሚሰጠው ትርጉም የሌለው መለያ ቁጥር። የሽያጭ ሠንጠረዡ ስም አይጽፍም፤ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ወደ ደንበኞች ይጠቁማል። ስሙ ከተስተካከለ አንድ ቦታ ይስተካከላል፣ የዓመት ደረሰኝ ሁሉ ተከትሎት ይቃናል።

«ለምን የስልኩን ቁጥር መለያ አናደርገውም?» ይሉኛል ሰዎች። ቪቫሴል የሚባለው የስልክ ኩባንያ በ2018 በፈቃድ ክፍያ ውዝግብ ሲዘጋ ቁጥሮቹ ሁሉ አብረው ሞቱ። ስልክን መለያ ያደረገ ነጋዴ ያን ጊዜ ምን እንደገጠመው መገመት ቀላል ነው። ከውጭ የመጣ፣ ነገ ሊለወጥ የሚችል ነገር መለያ አይሆንም፤ ስልክ በደንበኛው ረድፍ ላይ አንድ ዓምድ ሆኖ ይቀመጥ።

ደረሰኙም እንዲሁ ለሁለት ይከፈላል። አሮጌው ፋይል «ዕቃ 1»፣ «ዕቃ 2»፣ «ዕቃ 3» የሚሉ ዓምዶች ነበሩት፤ ደንበኛው አራተኛ ዕቃ ሲገዛ ካሸሯ «ዕቃ 3» ውስጥ ሁለቱን አብራ ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ በወሩ ስንት ኪሎ ሚስማር እንደተሸጠ ማወቅ የለም። አሁን የደረሰኙ ራስጌ (ቀን፣ ደንበኛ፣ ማን እንደሸጠ) በአንድ ሠንጠረዥ፣ የደረሰኙ መስመሮች በሌላ ናቸው። ደንበኛው አርባ ዓይነት ዕቃ ቢገዛ አርባ ረድፍ ነው፤ ዓምድ አይጨመርም።

ሠንጠረዥ መከፋፈልን የተማሩ ልጆች እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይሠራሉ። አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ የሚለውን ሕግ ይዘው ዋጋውን ከዕቃዎች ሠንጠረዥ ብቻ ያነባሉ። እዚህ ከተማ እንዲህ ያደረገ ሰው በሳምንቱ ያለቅሳል። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ምንዛሪ ለዓመታት በመንግሥት ሒሳብ ለአንድ ዶላር 2.95 ነበር፤ ታኅሣሥ 15 ቀን 2015 በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ በአንዴ ወደ 18.5 ተወረወረ። ከዚያ ወዲህም የወደቀው መውደቅ ለወሬ አይመችም። የዛሬው ዋጋ ሲቀየር የአምናው ሽያጭ አብሮ እንዳይቀየር፣ ሽያጩ የተፈጸመበት ዋጋና የዕለቱ ምንዛሪ በደረሰኙ መስመር ላይ ተቀድቶ መቅረት አለበት። ይህ ድግግሞሽ አይደለም። «የሲሚንቶ ዋጋ ዛሬ ይህ ነው» እና «ያን ቀን ለእገሌ በዚህ ሸጥን» ሁለት የተለያዩ እውነቶች ናቸው። ምንዛሪውም የራሱ ሠንጠረዥ አለው፤ በየቀኑ አዲስ ረድፍ ይጨመርበታል፣ የትናንቱ አይደለዝም።

ጋሼ ይህን ሁሉ በዝምታ ነበር የሚሰሙኝ፤ ስለ ስቶር ስንነጋገር ግን ተነቃቁ። በወጣትነታቸው አገር ቤት የመንግሥት ድርጅት ንብረት ክፍል ሠርተዋል። «ይሄማ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ነዋ!» አሉ። ልክ ነበሩ። በኢትዮጵያ የመንግሥት ንብረት አያያዝ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ይገባል፣ ጠያቂው በሞዴል 20 ይጠይቃል፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል። ማንም «ቀሪ» የሚባል ቁጥር ላይ ተነስቶ ፍቆ አይጽፍም፤ ቀሪው ከገቢና ከወጪው ተሰልቶ ቢን ካርዱ ላይ ይወርዳል። የእኛም የስቶር ሠንጠረዥ እንዲሁ እንቅስቃሴ ብቻ ነው የሚመዘግበው፤ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ተሰበረ። ቀሪውን ፕሮግራሙ ይደምራል።

ከዚህ በላይ ደግሞ እነዚያ ሞዴሎች የአክሰስ ትምህርት ናቸው። የሚጠይቀው፣ የሚፈቅደውና የሚያወጣው ሰው የተለያዩ ናቸው፤ ፊርማቸውም በተለያየ ቦታ ነው። አሜሪካዊያኑ ጀሮም ሳልዘርና ማይክል ሽሮደር በ1975 ማንኛውም ተጠቃሚ ሥራውን ለመጨረስ ከሚያስፈልገው የበዛ ሥልጣን አይያዝ ብለው ሲጽፉ፣ አገራችን ንብረት ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ነገሩን በካርቦን ወረቀት እየሠራው ነበር ማለት ይቻላል።

ዳታቤዙ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ለአንድ ሰው የሚሰጣቸው ዋና ዋና ሥልጣኖች አራት ናቸው፤ ማየት፣ መጨመር፣ ማረም፣ መሰረዝ። አሮጌው ፋይል አራቱንም ለሁሉም ይሰጥ ነበር። አሁን ካሸሯ በደረሰኝ ሠንጠረዦች ላይ ማየትና መጨመር ብቻ ትችላለች። ከተሳሳተች አትሰርዝም፤ የሚያፈርስ ተቃራኒ ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ ሁለቱም ይቀራሉ። ስቶር ኪፐሩ የእንቅስቃሴውን ሠንጠረዥ ይሞላል፣ የዕቃዎቹን ስምና መለኪያ ያያል። የመግዣው ወጪ ግን በሌላ ሠንጠረዥ ስለሆነ ለእሱ የለም። ሃይድ አልተደረገም፤ ዳታቤዙ ለእሱ አይመልስለትም። በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሆኖም በዓምድ ደረጃ ሥልጣን መክፈል ይቻላል፤ ሞክረው የሚያደንቁት አሉ። እኔ ግን ሠንጠረዡን መለየት እመርጣለሁ፤ ነገ አንድ ሰው ዓምድ ሲጨምር ፈቃዱን ማስተካከል ይረሳል።

ወጪው ለብቻው መቀመጡ ሌላም ጥቅም አመጣ። ለካ የአንድ ጭነት ወጪ አንድ ቁጥር አልነበረም፤ ቀረጡ ዛሬ ይከፈላል፣ የሹፌሩ ቀሪ በሳምንቱ፣ የማራገፊያው ደግሞ በሌላ ቀን። ድሮ ሁሉም አንድ ሣጥን ውስጥ እየተደመረ ይደለዝ ነበር። አሁን ጭነቱ አንድ ረድፍ፣ ወጪዎቹ በየራሳቸው ረድፍ ናቸው። ምስጢር ለመጠበቅ ብለን የለየነው ሠንጠረዥ የሒሳቡን ትክክለኛ ቅርጽ አሳየን።

የሚከብደው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ሰው ነው። ካሸሯ የጋሼ የእህት ልጅ ናት፤ መሰረዝ እንደማትችል ባወቀች ቀን ፊቷ ጠቆረ።

«አጎቴ አላመነኝም ማለት ነው?»

«ያመነሽማ ካዝናው ላይ አስቀመጠሽ።»

«ታዲያ ለምን ዘጋችሁብኝ?»

«ገንዘብ ሲጎድል ማን ሰረዘው ተብሎ ሲጠየቅ ያንቺ ስም እንዳይጠራ።»

ወዲያው አልገባትም፤ እኔም አልተጫንኳትም። ዘመድ ከዘመድ በሚሠራበት ንግድ ቁጥጥር ሁሉ ሐሜት ይመስላል። ከወራት በኋላ በቆጠራ ቆርቆሮ ሲጎድል ግን፣ የሽያጭ መዝገቡን ማንም ሊነካው እንደማይችል ስለተረጋገጠ ጥያቄው በቀጥታ ወደ አራጋፊው መኪና ሄደ። ለእሷ አንድም ጥያቄ አልቀረበላትም። ከዚያ ወዲህ ፓስወርዷን ለማንም አትሰጥም፤ ለእኔም ጭምር።

ፈቃዱን ለሰው በስሙ መስጠትም ያደክማል። ጁባ ሠራተኛ አይረጋባትም። ሐምሌ 2016 ከተማው ውስጥ ውጊያ ሲነሳ የውጭ ሰው በገፍ ወጣ፤ በሰላሙም ጊዜ አንዱ ካምፓላ፣ ሌላው አዲስ አበባ ይሄዳል። ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የሚባሉ አሜሪካውያን በ1992 ያቀረቡት መፍትሔ ሥልጣን ለሥራ መደብ ይሰጥ የሚል ነው። «ካሸር» የሚባል ሚና አለ፣ ሥልጣኑ ተሰፍሮ ተቀምጧል፤ አዲሷ ልጅ ስትመጣ ወደ ሚናው ትገባለች፣ ስትሄድ ትወጣለች። የሄደ ሰው አካውንት ግን አይሰረዝም፣ ይዘጋል። ከተሰረዘ በስሙ የተቆረጠው ደረሰኝ ሁሉ ባለቤት አልባ ይሆናል።

ከሁሉ የከበደው የጋሼ ጉዳይ ነበር። ባለቤት ነኝና ሁሉም ይከፈትልኝ አሉ። ሁሉንም ማየት መብታቸው ነው፤ ማረምና መሰረዝ ግን ለማንም ከመስጠት በላይ ለእሳቸው መስጠት ያስፈራኛል። ስልካቸውን ለማንም ያቀብላሉ፣ ፓስወርዳቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ካልኩሌተሩ ሥር ያደርጋሉ። «የገዛ ሱቄን አይ ብቻ ተባልኩ» እያሉ ለሰው ሁሉ ከሰሱኝ። የአድሚኑ ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ካዝናቸው ውስጥ ነው፤ የፈለጉ ቀን ቀድደው ይክፈቱት፣ መከፈቱን ግን ሁላችንም እናየዋለን። በዚህ ታረቅን።

ፕሮግራሙን የጻፈልን ልጅ አዲስ አበባ ነው። ለእሱም ገደብ አለው፤ የሚሠራው የደንበኛ ስምና ዕዳ በሌለበት ቅጂ ላይ ነው። ከእሱ ጋር ያጨቃጨቀን ሰዓት ነው። ደቡብ ሱዳን የካቲት 1 ቀን 2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ከዚያ በፊት ጁባና አዲስ አበባ እኩል ነበሩ። አሁን እሱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲል የእኛ ግድግዳ አንድ ፒኤም ይላል፤ ስድስቱን ሰዓት ደምሮ፣ አንዱን ቀንሶ ለመስማማት ሻይ ያስፈልጋል። ደግሞ ያ ሌሊት አንዷን ሰዓት ሁለት ጊዜ አሳልፏታል፤ በግድግዳ ሰዓት ለተመዘገበ ነገር የቱ ቀድሞ የቱ ተከትሎ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሠንጠረዦቹ ውስጥ የሚገባው የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ በጁባም በአዲስ አበባም ሰዓት የሚተረጎመው ስክሪን ላይ ሲወጣ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሽያጩ ግማሽ ላይ ቢቆም ዳታቤዙ ግማሹን ይጥለዋል፤ ደረሰኙና የስቶሩ ወጪ ወይ አብረው ይገባሉ ወይ አንዳቸውም አይገቡም። ለዚህ ብቻ እንኳ ሽያጩን ከኤክሴል ማውጣት ተገቢ ነበር።

አሁን የያዝነው ሥራ የጉምቦው መጋዘን ነው። ጉምቦ ከነጭ ዓባይ ማዶ ስለሆነ ከኒሙሌ የሚመጣ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፤ ድልድይ ሳይሻገር እዚያው ይራገፋል። ጥያቄው የጉምቦው ኃላፊ የማንጋቴንን ረድፎች ይይ አይይ ነው። የምንጠቀምበት ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ከ2016 ወዲህ ባሉት ዕትሞቹ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ረድፎች ብቻ ማሳየት ይችላል፤ ረድፉ የየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ የሚናገር ዓምድ ግን ይፈልጋል። በስቶርና በደረሰኝ ላይ ዓምዱን ጨመርን። ልጁ ደንበኞች ላይም ልጨምር አለ፤ ጋሼ ግን ቀደሙኝ። «ያ ኮንትራክተር እዚህ ዱቤው ሲሞላበት ድልድዩን ተሻግሮ ጉምቦ እንዲወስድ ነው?» አሉ። ደንበኞቹ ለሁለቱም ቅርንጫፍ አንድ ሆነው ቀሩ፤ የጉምቦው ኃላፊ ዕዳቸውን ያያል፣ ጣሪያቸውን ከፍ ማድረግ ግን የማንጋቴን ሥራ ነው።